ከዐሥራ ሁለቱ አንዱ እኔ ብሆንስ?

«ሳያጣሩ ወሬ፥ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚለውን ተረት ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያልሰማ የለም። ሆኖም ተረቱን ማወቅና በተረቱ መኖር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰው የጎረቤቱን ጥፋት ሲሰማ ለማመን ይቸኩላል፤ የራሱ ጥፋት ሲነገር ግን ማስረጃ ይጠይቃል። ይህ ጠባይ ከምን እንደሚመጣና እንዴት እንደሚታረም ከሚያስተምሩት ሥራዎች አንዱ «ዐሥራ ሁለቱ የተቈጡ ሰዎች» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ነው። በዚህ ዓመት በክፍላችን ተመልክተነው ብዙ ስለ ተከራከርንበት፥ ክርክሩን ላልሰሙት ጓደኞቼ፥ ለመምህራንና ለወላጆች በአጭሩ ለማስረዳት ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ።

1ኛ/ ፊልሙ እንዴት እንደ ተሠራ

የፊልሙ ደራሲ ሬጂናልድ ሮዝ ይባላል። ይህ ሰው በኒው ዮርክ ከተማ በአንድ የሰው ሞት ክስ ላይ ለፈራጅነት ተጠርቶ ተቀምጦ ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ያየውና የሰማው ጭቅጭቅ ድርሰቱን ለመጻፍ አነሣሣው። ድርሰቱ በመጀመሪያ በ1954 እ.ኤ.አ. በቴሌቪዥን ቀረበ። ከሦስት ዓመት በኋላም በ1957 ታዋቂው ተዋናይ ሄንሪ ፎንዳ ከደራሲው ጋር ተባብሮ በሲኒማ እንዲታይ አደረገው። ዲሬክተሩ ሲድኒ ሉሜት ሲሆን፥ ይህ ለሲኒማ የሠራው የመጀመሪያ ፊልሙ ነው።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ርዝመቱም 96 ደቂቃ ነው። ከጥቂት ደቂቃዎች በስተቀር ታሪኩ በሙሉ የሚፈጸመው ጠረጴዛና ወንበር ብቻ ባለበት በአንድ ክፍል ውስጥ ነው። ፈረስ ሲጋልብ፥ ጦር ሲዋጋ፥ ሙሽራ ስትዳር አይታይም። በዚህም ምክንያት ይመስላል፥ በወጣበት ዘመን ብዙ ገንዘብ አላስገኘም። ዳሩ ግን በዚያው ዓመት በበርሊን የፊልም በዓል የወርቅ ድብ ሽልማትን አገኘ። ለሦስት የኦስካር ሽልማቶችም ታጭቶ ነበር፤ ነገር ግን አንዱንም አልወሰደም። ዛሬ ግን የሕግ ተማሪዎችና መምህራን ከሚያዩአቸው ፊልሞች አንዱ ነው።

2ኛ/ ጁሪ ማለት ምን ማለት ነው

ታሪኩን ለመረዳት አስቀድሞ የአሜሪካንን የፍርድ ሥርዓት ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። በአገራችን ፍርድ ቤት ማስረጃውን መርምረው ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብለው የሚወስኑት ዳኞች ናቸው። በአሜሪካ ግን በከባድ ወንጀል ክስ ጊዜ ይህን የሚወስኑት ከሕዝብ መካከል ተጠርተው የሚመጡ ተራ ሰዎች ናቸው። እነዚህም ጁሪ ይባላሉ። ዳኛው ሕጉን ያስረዳቸዋል፤ እነርሱ ግን ለብቻቸው በር ተዘግቶባቸው ይመክራሉ። በፊልሙ ውስጥ ዐሥራ ሁለቱም በአንድ ቃል መስማማት አለባቸው።

ከሁሉ የሚበልጠው ደንብ ደግሞ ይህ ነው፤ የማስረዳት ሸክም የከሳሹ ነው እንጂ የተከሳሹ አይደለም። በፈራጁ ልብ ውስጥ በቂ ምክንያት ያለው ጥርጣሬ ከቀረ፥ ተከሳሹን ጥፋተኛ ሊለው አይችልም። ይህ አሳብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቈጠር ይደነግጋል።

3ኛ/ ታሪኩ በአጭሩ

አንድ የ18 ዓመት ልጅ አባቱን በሰንጢ ወግቶ ገድሏል ተብሎ ተከሷል። ጥፋተኛ ከተባለ ቅጣቱ ሞት ነው። ልጁ የተወለደው በድኾች ሰፈር ነው፤ እናቱ የሞተችበት የ9 ዓመት ልጅ ሳለ ነው፤ አባቱ ታስሮ በነበረበትም ጊዜ አንድ ዓመት ተኩል በእጓለ ማውታ ቤት አድጓል። ፊቱን የምናየው ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው። ድምፁን ከቶ አንሰማም።

ቀኑ እጅግ የሚያቃጥል ነው። ዐሥራ ሁለቱ ሰዎች ወደ ክፍሉ ገብተው ወዲያውኑ እጅ በማውጣት ድምፅ ይሰጣሉ። ዐሥራ አንዱ «ጥፋተኛ ነው» ይላሉ። አንዱ ብቻ፥ ይኸውም ሄንሪ ፎንዳ የሚጫወተው ስምንተኛው ሰው፥ «ጥፋተኛ አይደለም» ይላል። ይህ ሰው በሥራው የሕንፃ ንድፍ አውጪ ነው። ልጁ ንጹሕ ነው ብሎ አይከራከርም። የሚለው፥ የሰው ነፍስ ነውና ቢያንስ አንድ ሰዓት እንነጋገርበት ብቻ ነው።

በዚህ ቦታ ልብ ልንለው የሚገባን ነገር አለ። በመጀመሪያው ድምፅ ጊዜ እጆች ሁሉ በአንድነት አልወጡም። ጥቂቶቹ ፈጥነው አነሡ፤ ሌሎቹ ግን ጎረቤታቸውን ከተመለከቱ በኋላ ቀስ ብለው አወጡ። እንግዲህ ከዐሥራ አንዱ ውስጥ ስንቱ በእውነት አመነ? ስንቱስ ብቻውን መቅረትን ፈራ? ፊልሙ የሰውን ጠባይ መመርመር የሚጀምረው ከዚህ ነው።

4ኛ/ አራት ዓይነት ጭፍንነት

ብዙ ሰው ጭፍን ጥላቻ ሲባል አንድ ዓይነት ብቻ ይመስለዋል። ይህ ፊልም ግን ቢያንስ አራት ዓይነት ያሳየናል።

ሀ) የግልጽ ጥላቻ። ዐሥረኛው ሰው የጋራዥ ባለቤት ነው። ስለ ልጁ ሲናገር «እሱ» ከማለት ይልቅ «እነሱ» ማለትን ይወዳል። እነሱ ይዋሻሉ፤ እነሱ ይጠጣሉ፤ እነሱ ለሰው ነፍስ ግድ የላቸውም ይላል። አብሬአቸው ስለኖርሁ አውቃቸዋለሁ ማለቱንም እንደ ማስረጃ ይቈጥረዋል። አንድ ጊዜ ልጁ እንግሊዝኛ እንኳ አጣርቶ አይናገርም ብሎ ሲሰድብ፥ እርሱ ራሱ ሰዋስው ይሳሳታል። ስሕተቱንም የሚያርመው ከውጭ አገር የመጣው ዐሥራ አንደኛው ሰው፥ ሰዓት ሠሪው ነው።

ለ) የራስ ቍስል። ሦስተኛው ሰው፥ ሊ ጄ ኮብ የሚጫወተው፥ የመልእክት አድራሽ ድርጅት ባለቤት ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚጮኸውና ጥርሱን የሚያፋጨው እርሱ ነው። ቀስ በቀስ እንደምንረዳው፥ አንድ ልጅ ነበረው፤ ተጣልተው ልጁ መታውና ከቤት ወጣ፤ ካየው ሁለት ዓመት ሆኖታል። ይህ አባት የገዛ ልጁን ሊቀጣው ስላልቻለ ሌላውን ልጅ ለመቅጣት ተነሣ። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ማለት ይህ ነው። እርሱ ግን ጥላቻ እንዳደረበት አያውቅም፤ ለእውነት የሚከራከር ይመስለዋል።

ሐ) ጨዋ የሚመስል ጭፍንነት። አራተኛው ሰው የአክሲዮን ደላላ ነው። በዚያ ሁሉ ሙቀት ኮቱን አያወልቅም፤ ድምፁንም ከፍ አያደርግም። ነገር ግን የድኾች ሰፈር ወንጀለኛ ያፈራል የሚለውን አሳብ እንደ ተረጋገጠ ትምህርት አድርጎ በእርጋታ ይናገራል። ይህን ሲሰማ አምስተኛው ሰው ፊቱ ይለወጣል፤ ምክንያቱም እርሱም በዚያው ዓይነት ሰፈር ያደገ ነው። አብረውት የተቀመጡት ሰዎች ስለ እርሱ እየተናገሩ መሆናቸውን አላወቁም። በእኔ አስተያየት ይህ ጭፍንነት ከጩኸቱ ይልቅ ያስፈራል። የሚጮኸውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በጨዋ ቃል የተነገረውን ግን ብዙ ሰው እውቀት ነው ብሎ ይቀበለዋል።

መ) ግድ የለሽነት። ሰባተኛው ሰው ማርማላታ ሻጭ ሲሆን፥ ለዚያ ማታ የቤዝቦል ጨዋታ ቲኬት በኪሱ ይዟል። ልጁን አይጠላውም፤ አይወደውምም። የሚፈልገው ቶሎ መውጣት ነው። ነገሩ ሲረዝምበት ድምፁን ለውጦ «ጥፋተኛ አይደለም» ይላል። ይህን ሲያደርግ የሚቈጣው ልጁን ነጻ ለማውጣት የሚከራከረው ያው ሰዓት ሠሪ ነው። በሰው ነፍስ እንደዚህ ለመጫወት ማን ፈቀደልህ፤ ካመንህ ምክንያትህን ተናገር ይለዋል። ትምህርቱ ትልቅ ነው፤ ያለ ምክንያት የተደረሰበት ትክክለኛ ፍርድ እንኳ ፍርድ አይባልም።

5ኛ/ ማስረጃው ሲመረመር

ፊልሙ ጥላቻ መጥፎ ነው ብሎ በመስበክ ብቻ አያበቃም። ጥላቻ እንዴት ዓይንን እንደሚሸፍን በማስረጃው ላይ ያሳያል።

መጀመሪያ ሰንጢው ነው። ሲጫኑት ስለቱ ተስፈንጥሮ የሚወጣ፥ እጀታው የተቀረጸ ሰንጢ ነውና ወደር የለውም ተብሎ ነበር። ስምንተኛው ሰው ግን ልክ ያንኑ የሚመስል ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ይሰካዋል። ከልጁ ቤት አጠገብ ካለ ሱቅ በ6 ዶላር ገዝቶታል።

ሁለተኛው ከታች ፎቅ የሚኖሩት ሽማግሌ ምስክርነት ነው። ልጁ «እገድልሃለሁ» ብሎ ሲጮኽ ሰማሁ፤ ወዲያው ሬሳው ሲወድቅ ሰማሁ፤ በ15 ሴኮንድ ውስጥ በር ላይ ደርሼ ልጁ ሲሮጥ አየሁት ብለዋል። ነገር ግን ሽማግሌው እግራቸው የታመመ ነው። ስምንተኛው ሰው የቤቱን ፕላን አስመጥቶ፥ እግሩን እየጎተተ ሲራመድ በሰዓት ቢለካ 41 ሴኮንድ ፈጀ። ከዚህም በላይ፥ ከመንገዱ ማዶ የምትኖረው ሴት ግድያውን ያየሁት በሚያልፈው ባቡር መስኮቶች አሳልፌ ነው ብላለች። ያ ባቡር በመስኮቱ ሥር እየተንጓጓ ሲያልፍ ሽማግሌው የሰውን ድምፅ ለይተው እንዴት ይሰማሉ?

እዚህ ላይ ዘጠነኛው ሰው፥ በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት፥ አንድ ጥልቅ ነገር ይናገራሉ። ምስክሩ ሽማግሌ ኮታቸው የተቀደደ፥ በዕድሜአቸው ሁሉ ማንም ያልጠየቃቸው፥ ማንም ያልሰማቸው ሰው ናቸው። ምናልባት አንድ ጊዜ ለመደመጥ ሲሉ ያልሰሙትን የሰሙ መስሏቸው ይሆናል ይላሉ። ውሸታም ናቸው አላሉም። ብቸኝነት ሰውን ምን እንደሚያደርገው ሽማግሌ ስለ ሆኑ አውቀውታል። ሌሎቹ ምስክሩን ሲሰሙ ቃሉን ብቻ ሰሙ፤ እኚህ ሽማግሌ ግን ሰውየውን አዩ።

«እገድልሃለሁ» የሚለውም ቃል ራሱ ተፈትኗል። ስምንተኛው ሰው ሦስተኛውን በንግግር ሲያናድደው፥ ሦስተኛው ሰው ዘሎ ሊያንቀው ይሞክርና «እገድለዋለሁ!» ብሎ ይጮኻል። ስምንተኛውም በእርጋታ፥ በእውነት ልትገድለኝ አስበህ ነው ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሰው ሲናደድ የማያደርገውን እንደሚናገር ዋናው ከሳሽ ራሱ መሰከረ።

የመጨረሻው የሴቲቱ መነጽር ነው። አራተኛው ሰው መነጽሩን አውልቆ አፍንጫውን ሲያሽ፥ ሽማግሌው ያ ምልክት በሴቲቱም አፍንጫ ላይ እንደ ነበረ ያስታውሳሉ። እርስዋ ግን ወደ ፍርድ ቤት የመጣችው ያለ መነጽር ነው። ከአልጋዋ ላይ እንቅልፍ ሲያስቸግራት የነበረች ሴት መነጽር አድርጋ ልትተኛ አትችልም። በማስረጃ ብቻ እሄዳለሁ ሲል የነበረው አራተኛው ሰው ይህን ሲሰማ ያለ ቍጣ ድምፁን ለወጠ። ስለዚህ ጨዋ የሚመስል ጭፍንነት ቢኖርበትም፥ ማስረጃን የሚያከብር ሰው ለመታረም መንገድ እንዳለው እናያለን።

6ኛ/ ጀርባቸውን ያዞሩበት ሰዓት

ከፊልሙ ሁሉ በክፍላችን የበለጠ ያነጋገረን ክፍል ዐሥረኛው ሰው በቍጣ የሚናገርበት ነው። ክርክሩ ሲከዳው የልቡን ሁሉ አፍረጠረጠው። በዚያን ጊዜ ማንም አልመታውም፤ ማንም አልሰደበውም። አንዱ ከወንበሩ ተነሥቶ ጀርባውን ሰጠው፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ቀጥሎም ሌላው። በመጨረሻ ዝም እንዲል ያዘዘው እስከዚያ ድረስ ከእርሱ ጋር በአንድ ወገን ድምፅ ይሰጥ የነበረው አራተኛው ሰው ነው። ዐሥረኛውም ከጠረጴዛው ርቆ ብቻውን ተቀመጠ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ጀርባ ማዞር አይበቃም፤ መልስ መስጠት ነበረባቸው አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ጥላቻ የሚኖረው ሰሚ ሲያገኝ ነውና ከዚህ የሚበልጥ መልስ የለም አሉ። እኔ የሁለተኛውን አሳብ እደግፋለሁ፤ ነገር ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ። ከእነዚያ ሰዎች አብዛኞቹ ክርክሩ ሲጀመር ያንኑ ሰው ሲሰሙ ዝም ብለው ነበር። ቃሉ ከመጀመሪያው ያው ነበር፤ የተለወጡት ሰሚዎቹ ናቸው።

ሦስተኛውም ሰው መጨረሻ ብቻውን ቀረ። የልጁን ፎቶግራፍ ቀደደ፤ ቀጥሎም እያለቀሰ «ጥፋተኛ አይደለም» አለ። ሁሉም ሲወጡ ኮቱን አንሥቶ ያለበሰው ያው ስምንተኛው ሰው ነው። አሸነፍሁህ አላለውም።

7ኛ/ ስለ ካሜራው ጥቂት ቃል

ክፍሉ እየሞቀ ሲሄድ ተመልካቹም የሚጨነቀው በአጋጣሚ አይደለም። ዲሬክተሩ ሉሜት ራሱ እንደ ገለጸው፥ በመጀመሪያ ካሜራው ከሰዎቹ ዓይን ከፍ ብሎ ይቀመጥ ነበር፤ በመካከል በዓይናቸው ትክክል ሆነ፤ በመጨረሻ ዝቅ ብሎ ጣሪያው እንዲታይ ተደረገ። ሌንሱም ቀስ በቀስ ስለ ተለወጠ ግድግዳዎቹ እየቀረቡ የመጡ ይመስላል። በመጨረሻ ከሕንፃው ሲወጡ ግን ካሜራው ከሩቅና ከላይ ያያቸዋል፤ ዝናቡም ዘንቦ አባርቷል። እኛም ያን ጊዜ እንተነፍሳለን።

8ኛ/ የፊልሙ ጕድለት

መልካም ሥራ ጕድለቱም ሊነገር ይገባል። ዐሥራ ሁለቱም ሰዎች ነጮችና ወንዶች ናቸው። ስለ ጭፍን ጥላቻ በሚናገር ፊልም ውስጥ ጥላቻው የደረሰባቸው ሰዎች ከጠረጴዛው ዙሪያ ቦታ የላቸውም ማለት ይቻላል። ይህ ግን የዘመኑን ሁኔታ ያሳያል። ሴቶችን ከጁሪ የሚያርቁ ሕጎች በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች የቈዩ ሲሆን፥ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን አሠራር የሻረው በ1975 ነው። በ1997 ፊልሙ ለቴሌቪዥን እንደገና ሲሠራ ከፈራጆቹ አራቱ ጥቁሮች፥ ዳኛዋም ሴት ሆኑ።

ሁለተኛም፥ ስምንተኛው ሰው ሰንጢውን ራሱ ሄዶ መግዛቱ በሕግ የተፈቀደ አይደለም። ፈራጅ በፍርድ ቤት በቀረበው ብቻ ነው የሚፈርደው። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ሶንያ ሶቶማዮር በ2010 ስለዚህ ፊልም ሲናገሩ ፊልሙን እንደሚወዱት፥ ነገር ግን ጁሪ እንደ እነዚህ ሰዎች በመገመት እንዳይሠራ ያስጠነቅቁ እንደ ነበረ ገልጸዋል። ደግሞም ልጁ በእርግጥ ንጹሕ ስለ መሆኑ ፊልሙ አይነግረንም። ይህን ግን እንደ ጕድለት አልቈጥረውም። ሳናውቅ እንድንፈርድ ስለማይፈቅድልን፥ ተመልካቹን ራሱን ዐሥራ ሦስተኛ ፈራጅ ያደርገዋል።

9ኛ/ ከእኛው ክፍል

ይህን ሁሉ የጻፍሁት በሌሎች ለመፍረድ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት በክፍላችን ለጕብኝት የተዋጣ ገንዘብ ጠፋ። በዚያ ጊዜ ከገጠር አዲስ የመጣ፥ ብዙ የማይናገር አንድ ልጅ ነበር። የጫማውን መቀደድና ያን ቀን ቀድሞ መውጣቱን እያነሣን፥ ከእርሱ በቀር ማን ሊሆን ይችላል ተባባልን። ከመካከላችን አንዱ «የምትጠረጥሩት እጃችሁን አውጡ» አለ። እኔ ቀኝና ግራዬን ተመለከትሁ። ከዚያ በኋላ እጄን አወጣሁ።

በአራተኛው ቀን ገንዘቡ ከሰብሳቢው ደብተር ሽፋን ውስጥ ተገኘ። ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። ልጁም «ግድ የለም» አለን። ነገር ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ምሳውን ከእኛ ጋር አልበላም። እኔ ይህን ልጅ አልጠላውም ነበር። ከሦስተኛው ሰው ወይም ከዐሥረኛው ወገን አልነበርሁም። ጎረቤታቸውን አይተው እጃቸውን ቀስ ብለው ካወጡት አንዱ ነበርሁ። ፊልሙን ስመለከት ያፈርሁት በእነዚያ እጆች ነው።

10ኛ/ መደምደሚያ

እንግዲህ ከፊልሙ የምንማረው ይህ ነው። ጭፍንነት በክፉ ሰው ልብ ብቻ አያድርም፤ በቈሰለው፥ በተማረው፥ በቸኰለውና በፈራውም ሰው ልብ ያድራል። መድኃኒቱም ብዙ ጀግንነት የሚጠይቅ ሆኖ አላገኘሁትም። «እነሱ» ከማለት «እሱ» ማለት፥ ከመፍረድ አስቀድሞ አንድ ሰዓት መነጋገር፥ ሁሉም እጅ ሲያወጣ የራስን እጅ ይዞ ምክንያቱን መጠየቅ ነው። ስምንተኛው ሰው ያደረገው ከዚህ የሚበልጥ አይደለም፤ ብቻውን ሆኖ ማድረጉ ግን ከባድ ነበር።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

1. በመጀመሪያው ድምፅ ጊዜ ወረቀት ላይ በምስጢር ቢጻፍ ኖሮ ውጤቱ ያው ይሆን ነበርን?
2. ከአራቱ የጭፍንነት ዓይነቶች ለማረም የሚከብደው የትኛው ነው? ስለ ምን?
3. ስምንተኛው ሰው ሕግ ተላልፎ ሰንጢውን መግዛቱ ትክክል ነበርን?
4. ወላጆችና ልጆች በአንድነት ተወያዩበት፦ ሳናጣራ የፈረድንበት ሰው አለን? ካለስ ዛሬ የት ነው ያለው?